ጠጅ፣ ብርዝና ቅልቅል፦ የቤት ድግስ መጠጥ ከነትዝታው

የቤት ድግስ ሲታሰብ በጉ፣ ዶሮውና ቅቤው ቀድመው ይታሰባሉ። መጠጡ አብዛኛውን ጊዜ ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል፤ ሁለት ሦስት ሳጥን ቢራ ይታዘዝና ነገሩ ያልቃል። በቢራው ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ከዓመት በኋላ «ያን ቀን ምን ጠጣን?» ቢባል የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በቤት የተጣለ ጠጅ እንዲህ አይደለም። በእህቴ መልስ ቀን የቀረበው ጠጅ ዛሬም በቤታችን ይነሳል፤ የማሩ አገር፣ የወይራው ጭስ፣ ማን እንዳሳለፈው ጭምር ይወራል።

እኔ አጥብቄ የማምነው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ በዓል የራሱ መጠጥ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ልኩም በባለሙያዋ እጅ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ከነድግሱ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ጠጁን ከማር ግዢ ጀምሮ እስከ ብርሌው በዝርዝር፣ ብርዙንና ሌሎቹን ቅልቅሎች ደግሞ አጠር አድርጌ አቀርባለሁ። ቀኑን የምቆጥረው ከድግሱ ወደ ኋላ ነው።

ከድግሱ 35 ቀን በፊት፦ ማርና ጌሾ

ጠጅ የሚጣለው ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ነው፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ከሦስቱ አንዱ ካልረባ የሚሸፍንለት የለም።

ማሩ ጥሬ፣ ከነሰፈፉ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጥሬ ማር ከአበባውና ከቀፎው ይዞት የመጣው እርሾ በውስጡ አለ፤ ጠጁን የሚያፈላውም እሱ ነው። ነጩን የላስታ ወይም የትግራይ ማር ለጠጅ ማዋል ያሳሳኛል፤ እሱ በዳቦ ተቀብቶ ሲበላ ነው ደስ የሚለው። ለጠጅ የምመርጠው የከፋንና የሸካን ጠቆር ያለ የጫካ ማር ነው። ጠረኑ ብርቱ ነው፤ ከፈላ በኋላም የማርነት ጠረኑ አይጠፋም። ስኳር የገባበት ማር ገበያውን ስለሞላው መጠንቀቅ ያሻል። በውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ወይም ክብሪት ለኩሶ ይለያል የሚባለው ዘዴ አያስተማምንም፤ የሚያስተማምነው የሚያውቁት አናቢ ወይም የቆየ ደንበኛ ነው። ዋናው የማር ቆረጣ አደይ ካበበች በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚሆን ለገና ጠጅ አዲስ ማር ይደርሳል። የገና ጠጅ ከሌላው በዓል ጠጅ የሚበልጥብኝም ለዚህ ነው።

የጌሾ ቅጠል ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ገበያ ሲወጡ እንጨቱን ይጠይቁ፤ የተሰነጠቀ፣ በደንብ የደረቀና ሻጋታ ያልነካው ይሁን። ጌሾ የሚገባው ለምሬቱ ብቻ አይደለም፤ የማሩን ጣፋጭነት አስታግሶ መጠጡን መጠጥ የሚያሰኘው እሱ ነው።

ለአንድ የቤተሰብ ድግስ የሚበቃው ልክ ይህ ነው፦

ማር፦ 3 ኪሎ
ውሃ፦ 10 ሊትር
የጌሾ እንጨት፦ 250 ግራም

ድሮ የሚሰፈረው በዕቃ ነበር፤ አንድ ማር ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ውሃ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የእኔ ልክ ወደ አንድ ለአምስት ይጠጋል። አንድ ለሦስት ቢያደርጉት ጠጁ ጣፋጭና ከባድ ይሆናል። ከላይ ያለው ልክ ሙሉ በሙሉ ሲፈላ አልኮሉ 11 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ከተለመደው ቢራ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ዝቃጩና ሰፈፉ ሲቀነስ ወደ 10 ሊትር የጠራ ጠጅ ይተርፋል። ብርሌዎ ሩብ ሊትር የሚይዝ ከሆነ 40 ብርሌ ይወጣዋል።

ከድግሱ 30 ቀን በፊት፦ ማጠን፣ መበረዝ

ዕቃው ጋን ከሆነ ውስጡን በግራዋ ቅጠል አሽተው ይጠቡትና በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ከዚያ ደረቅ የወይራ ፍልጥ ያጭሱና ጋኑን በጭሱ ላይ ይድፉት። ጭሱ ሸክላው ውስጥ የቀረውን ተሐዋስ ይቀንሳል፤ ለጠጁም ጠረኑን ይሰጠዋል። አያቴ ጋኑን ካነሳች በኋላ መጀመሪያ አፉን ታሸት ነበር። ቀጥላ ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ ሆዱ ሙቀት ካልያዘ ሌላ ፍልጥ ጨምራ እንደገና ትደፋዋለች። እኛ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወይራው ገና ከበር ሲቀበለን በዓል መቅረቡን እናውቅ ነበር።

ጋን ከሌለዎት ለምግብ የተሠራ ንጹሕ ጀሪካን ወይም አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይበቃል። ዘይት ወይም ቀለም የነበረበትን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሽታው አይለቅም። ብረትና አሉሚኒየምም አይሆኑም፤ ጠጅ አሲድ ስላለው ብረቱን ይበላል። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ ወይራ ካማረዎት ትንሽ የሸክላ እንስራ አጥነው ጠጁን በመጨረሻው ቀን እዚያ ውስጥ ያሳድሩት።

ውሃው የቧንቧ ከሆነ የክሎሪኑ ሽታ እንዲጠፋ አፍልተው ያቀዝቅዙት። ለብ ሲል ማሩን ከነሰፈፉ ጨምረው በታጠበ እጅ እየፈተጉ ይበርዙት። ማሩን እሳት ላይ አይጣዱት፤ ከፈላ ጠረኑ በእንፋሎት ይሄዳል፣ እርሾውም ይሞታል። ዕቃው ሩብ ያህል ባዶ ይቅር፤ አረፋው ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል። አፉን በንጹሕ ጨርቅ አስረው ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ጥግ ያስቀምጡት። ደጋ ላይ፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ በክረምት የሚጣል ጠጅ ስለሚዘገይ ሰባት ወይም አሥር ቀን ይጨምሩለት።

ከድግሱ 27 ቀን በፊት፦ ጌሾ ማግባት

በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ሲገልጡ ሰፈፉ ከላይ ተኝቷል፣ ዙሪያውንም ነጭ አረፋ ይዞታል። ሰፈፉን በማንኪያ ያንሱት። ከብርዙ 2 ሊትር ይቅዱና ጌሾውን በዚያ ውስጥ ለ20 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ይቀቅሉት። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ትኩሱን ከጨመሩ የተነሳውን እርሾ ይገድሉታል። ሲበርድ ከነእንጨቱ ወደ ዕቃው ይመልሱት። ጌሾውን ሳይቀቅሉ በጥሬው የሚያገቡ ባለሙያዎች አሉ፤ እሱም ያስኬዳል። መቀቀሉን የምመርጠው ምሬቱ ቶሎና እኩል ስለሚወጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ጠዋትና ማታ በእንጨት ማንኪያ ያማስሉት። መፍላቱን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም፤ ጆሮዎን ወደ አፉ ያስጠጉ። ደህና የተነሳ ጠጅ እንደ ደቃቅ ዝናብ ያለማቋረጥ ይንሾካሾካል። በሦስት ቀን ውስጥ ድምፅም አረፋም ከሌለ ወይ ቤቱ ቀዝቅዟል ወይ ማሩ ተጣርቶ እርሾው አልቋል። የመጀመሪያው ከሆነ ዕቃውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፤ ሁለተኛው ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ በለብታ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩ።

ከድግሱ 20 ቀን በፊት፦ ጌሾ ማውጣት

ይህ የሚወሰነው በምላስ ነው። ጌሾው ከገባ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ አንድ ማንኪያ ይቅመሱ። ጣፋጩ ቀድሞ መጥቶ ምሬቱ ከኋላ ለትንሽ ጊዜ ቆይቶ ሲሄድ ልኩ ደርሷል። ምሬቱ ምላስ ላይ ከተጣበቀ አልፏል፤ ሳይዘገዩ ያውጡት። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይበቃዋል።

ጠጁን በታጠፈ ንጹሕ ሻሽ አጥልለው አፉ ጠባብ ወደ ሆነ ዕቃ ያዛውሩት፤ አሁን እስከ አንገቱ ይሙላ። ከዚህ ወዲያ ማማሰል የለም። እስካሁን አየር የረዳውን ያህል ከአሁን በኋላ ይጎዳዋል፤ አየር ያገኘ ጠጅ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል፣ ትንንሾቹ ዝንቦችም ያፋጥኑታል። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ እንጂ ፈጽሞ አይጠበቅ። የሚፈላ ጠጅ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙስ ያፈነዳል። ይህን አቅልለው አይዩት፤ የተሰበረ ብርጭቆ ዓይን ያጠፋል።

ከድግሱ አንድ ሳምንት በፊት

ጠጁ ዝም ብሎ መጥራት ሲጀምር አምቡላውን ከታች ትተው ላዩን ብቻ በንጹሕ ቀጭን ቱቦ ይቅዱት። ዕቃውን አዘንብሎ መገልበጥ የተኛውን ሁሉ ያስነሳዋል። አሁን ቀምሰው ይወስኑ። ጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እንደሚባለው የእርስዎም ከሦስቱ በአንዱ ይመደባል። ለሠርግና ለመልስ ደረቁ ለብዙ ሰው አይስማማም፤ መካከለኛው ይሻላል። በጣም ከደረቀ በዋዜማው 200 ግራም ማር በትንሽ ጠጅ አሟሙተው ይጨምሩና ማቀዝቀዣ ያስገቡት። አዲሱ ማር እንደገና ሊያፈላው ስለሚችል ክዳኑ አሁንም ላላ ይበል።

የሆምጣጤ ሽታ ካመጣ ለድግስ አይቀርብም፤ ለሰላጣ ያውሉት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ ከያዘ ግን ገፎ መጠጣት የለም፤ ሙሉውን ይድፉት።

በባዕድ አገር ለሚጥሉ

በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ የጌሾ እንጨት ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። እዚያ ያለች አክስቴ ጠጇን የምትጥለው የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ነው፤ ልጆቿ የፋሲካ ልብሳቸው ጌሾ ጌሾ እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ለምደውታል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ማር ተሞቆ የተጣራ ስለሚሆን በራሱ ላይነሳ ይችላል፤ አንድ ባለ 5 ግራም ከረጢት የወይን እርሾ ለዚህ ልክ ይበቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ፣ ለራሱ ፍጆታ ወይን እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ላሉ ወገኖቼ የምለው ሌላ ነው። እዚያ አልኮል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ምንም ነገር አያፍሉ፤ ቀጥሎ ያለውን ብርዝ በዕለቱ በርዘው በዕለቱ ይጨርሱት።

ብርዝ ለክርስትና

በእኛ ሰፈር ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሳ ጠጅ የማይጠጡ ብዙ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሙስሊም ጎረቤቶች፣ እርጉዞች፣ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን፣ ልጆች። ጎረቤታችን ሐጂ ለታናሽ ወንድሜ ክርስትና ሲመጡ እናቴ ብርዙን ራሷ ይዛላቸው ወጣች። ሳይፈላ፣ በዚያው ጠዋት የተበረዘ መሆኑን እሳቸውም ያውቁ ነበርና «በሉ ጨምሩልኝ» አሉ። ያ ማሰሮ ከጠጁ እኩል ክብር ነበረው።

አንድ ኩባያ ማር በስድስት ኩባያ ለብታ ውሃ ይበርዙ። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ወቅጠው ጭማቂዋን ይጭመቁበት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ፣ በሻሽ አጥልለው ያቀዝቅዙ። ሲያድር መፍላት ስለሚጀምር አልኮል ለማይጠጣ ሰው የትናንቱን አያቅርቡ። አንድ ነገር አደራ፦ ክርስትና የተነሣው ሕፃን ብርዝ አይቅመስ። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ለሞት የሚያደርስ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ጠጅ በአምቦ ለምርቃት

የምርቃት ድግስ ላይ ወጣቶች ይበዛሉ፤ በየግሮሰሪው ወይን ከቢራና ከለስላሳ ጋር ደባልቀው «ቱርቦ» የሚሉትን የለመዱ ናቸው። ቱርቦ ሦስት ጣዕም አጥፍቶ አንድ ስካር ይሰጣል፤ ይህኛው ግን የጠጁን ጠረን ይጠብቃል። የአክስቴ ልጅ በተመረቀችበት ቀን ጋውኗን ሳታወልቅ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሷ ቀላቅላ ለአባቷ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በዘመዶቻችን ቤት ምርቃት ያለዚህ ቅልቅል አይደገስም።

ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ሁለት እጅ የቀዘቀዘ ደረቅ ጠጅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ጭማቂ ያድርጉ። የሎሚ ልጣጭ ቀጭን ልጠው ከብርጭቆው በላይ ጠምዘዝ ያድርጉት፤ ዘይቱ ይረጭበታል። በመጨረሻ አንድ እጅ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በጎኑ ቀስ አድርገው ይቅዱ። አምቦውን ቀድመው ካደረጉ ወይም ካማሰሉ ጋዙ ይወጣል። ለስላሳ ጠጅ ለዚህ አይሆንም፤ ያቅለሸልሻል።

ቡና በማር ለጡረታ

አባቴ ጡረታ በወጣ ቀን እራት ተበልቶ ቡናው ሲፈላ የቀረበ ነው። ጠንከር ካለ አቦል አንድ ሲኒ ይቅዱና ትኩስ ሳለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ያሟሙበት። ሲበርድ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ገልብጠው ግማሽ ሲኒ ኡዞ ይጨምሩ። አኒሱ ከቡናው ጋር ይስማማል። ኡዞው ታሽጎ ከፋብሪካ የወጣ ይሁን፤ ምንጩን በማያውቁት አረቄ ቅልቅል አይሥሩ፣ በቤትም ለማውጣት አይሞክሩ። ሜታኖል ያለበት አረቄ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በጣዕምም አይለይም።

ለልጆቹ አቮካዶና ማንጎ በየተራ የተደረደረበት ስፕሪስ፣ ሎሚና ከላይ ጠብ ያለ ቪምቶ ይበቃቸዋል።

በዕለቱ

ጠጅ ቀዝቀዝ ይበል እንጂ በረዶ አይሁን፤ ሲበርድ ጠረኑ ይታፈናል። እንግዳ እህል ሳይቀምስ አይቀዳለት። እንደ ድሮው ሥርዓት አሳላፊው ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቅመስና ያሳልፍ፤ ለእንግዳው ክብር ነው። መኪና ይዞ የመጣውን ሰው በጊዜ ለይተው ብርዙን ያቅርቡለት፤ በቤት የተጣለ ስለሆነ አያሰክርም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ከድግሱ ማግስት፦ መጻፍ

በእኛ ቤት ለዚህ ሥራ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ ጠጅ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ የማሩ አገርና ኪሎ፣ ውሃው፣ ጌሾው የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ጣዕሙ፣ ከዚያ የማን ድግስ እንደነበረና ማን ማን እንደተገኘ። የእህቴን መልስ ገጽ ስገልጥ ከማሩ ልክ ጎን ዛሬ በሕይወት የሌሉትን የአጎቴን የምርቃት ቃል አገኛለሁ፤ እናቴ ናት የጻፈችው። በዚያው ልክ የታናሽ ወንድሜን ሠርግ ጠጅ ጥለንበታል።

እናትዎ፣ አክስትዎ ወይም አማትዎ ጠጅ የሚጥሉ ከሆነ ልካቸው በዓይናቸውና በመዳፋቸው ነው፤ ቢጠይቋቸው «በቃ እንደሚሆን አድርጌ ነው» ይሉዎታል። ስለዚህ ልኩን አይጠይቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጥሉ ሚዛን ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ማሩን ከመገልበጣቸው በፊት ይመዝኑ፣ ውሃውን በሊትር ይቁጠሩ፣ ጌሾውን ሲዘግኑ ከእጃቸው ተቀብለው ሚዛን ላይ ያኑሩት፣ የሚሉትን ሁሉ ይጻፉ። መቼ እንደሚጥሉ ዛሬ ደውለው ይጠይቋቸው።